ከቀዶ ሕክምና በፊት ያሉት አምስት ሳምንታት፦ ሰውነትንና መንፈስን ስለ ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «የ49 ዓመት ሴት ነኝ። የሐሞት ጠጠር ስለተገኘብኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ የሐሞት ከረጢቴ በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራ) እንዲወጣ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ደም ግፊትና ስኳር ስላለብኝ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፤ በቀን ስድስት ሰባት ሲጋራም አጨሳለሁ። ክብደቴን ለመቀነስ ከአሁኑ ምግብ በጣም ልቀንስ፣ ደሜ እንዲጠራም አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ኪኒኖቹን ላቆም አስቤያለሁ። በዋዜማው ከምሽት ጀምሮ ውኃም አልቀምስም። ሲጋራውን ግን አሁን ባቆም ሳል ስለሚቀሰቅስብኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማቆሙ ይሻላል ብለውኛል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ማደንዘዣው ነው። ባልነቃስ? መሀል ላይ ብነቃስ? እህቴ ከዓመታት በፊት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሁለት ቀን ሙሉ ስታስመልስ ነበር። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነባብቻለሁ፤ ፈሪ እንዳይሉኝ ግን ለሐኪሞቹ አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?»

ያወጡት ዕቅድ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። ሊያቆሙት ያሰቡት መድኃኒት መቀጠል ያለበት፣ ሊቀጥሉበት ያሰቡት ሲጋራ ዛሬውኑ መቆም ያለበት፣ የደበቁት ፍርሃትና የእህትዎ ታሪክ ደግሞ ለሰመመን ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመው መንገር የሚገባዎት ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እንደነዚህ ያሉ ሐሳቦችን ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚደረገው ምርመራ ላይ ዘወትር እንሰማለን፤ አንዳንዶቹንም ለአሥርተ ዓመታት ለታካሚ ስንናገር የኖርነው እኛው ሐኪሞች ነን። አምስት ሳምንት በአግባቡ ከተሠራበት ብዙ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ ነው።

በምግቡ ልጀምር፤ በእርስዎ ሕመም ላይ ፈጥኖ ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው እሱ ነውና። ክብደት በጥድፊያ ሲቀንስ ሰውነት ያከማቸው ስብ ይቀልጣል፤ ጉበትም ከዚያ የሚመጣውን ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት በብዛት ያፈስሰዋል። በሌላ በኩል ሆድ ባዶውን ሲውል የሐሞት ከረጢቱ የሚኮማተርበት ምክንያት ስለሚያጣ ሐሞቱ እዚያው ተጠራቅሞ ይወፍራል። ሁለቱ ሲገናኙ አዲስ ጠጠር ሊፈጠር፣ ያለውም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ራሱን ያስራበ ሰው የሚያጣው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነው፤ ቁስል የሚድነውና ከአልጋ ተነሥቶ የሚኬደው ደግሞ በዚሁ ጡንቻና በፕሮቲን ነው። ስለዚህ ምግብዎን በሰዓቱ ይብሉ፤ ቅባት የበዛበትን ይቀንሱ፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ስብ የሌለው ሥጋ በየማዕዱ ይኑር። ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይኖርበታል። አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች በጣም ለወፈረ ታካሚ ጉበቱ እንዲያንስ የተወሰነ የአመጋገብ ሥርዓት ያዝዛሉ። ይህ በልክና በክትትል የሚደረግ ስለሆነ በራስ ፈቃድ ከሚደረግ ረሃብ ጋር አይገናኝም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በመጠባበቅ ላይ ሳሉ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማዎት ሕመም ለሰዓታት አልለቅ ካለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ፣ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ። የሐሞት ከረጢቱ ተመርዞ ወይም ጠጠሩ ቱቦውን ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመጣ፣ ኪኒን በማቆም «የሚጠራ» ደም የለም። የደም ግፊት መድኃኒት ለሳምንት ያቋረጠ ታካሚ በቀጠሮው ዕለት ግፊቱ አሻቅቦ ይመጣል፤ ከ180/110 በላይ ከሆነ ደግሞ አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ይተላለፋል። አምሎዲፒን እስከ ዕለቱ ጠዋት ድረስ በጥቂት ውኃ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ግን በሰመመን ወቅት ግፊትን ከልክ በላይ ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ብዙ የሰመመን ሐኪሞች በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት እንዳይወሰዱ ያዝዛሉ። በዚህ ላይ አሠራሩ ከቦታ ቦታ፣ ከታካሚም ታካሚ ስለሚለያይ የእርስዎን ሐኪም ቃል ይጠብቁ። ሜትፎርሚን አብዛኛውን ጊዜ ምግብ በማይበላበት በዕለቱ ጠዋት ብቻ ይዘለላል። ሌሎች አንባቢዎችም ስለሚኖሩ ልጨምር፤ እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉት የስኳር ኪኒኖች ደምን ወደ አሲድነት የሚወስድ አደገኛ ሁኔታ እንዳያስከትሉ ከሦስት ቀን በፊት ይቆማሉ። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከአምስት ቀን ገደማ በፊት የሚቆም ቢሆንም ማን ያቁም፣ በምን ይተካ የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። በልብ የደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት (የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የተደረገለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚወስደውን አስፕሪንም ሆነ ክሎፒዶግሬል ያለ ልብ ሐኪሙ ምክር ቢያቆም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊገጥመው ይችላል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችንና የልብ ምትን የሚያረጋጉትን ቤታ ብሎከሮች በድንገት ማቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል። በአንጻሩ ደም የሚያቀጥኑ ወይም ከማደንዘዣ ጋር የሚጋጩ ሊኖሩባቸው ስለሚችሉ፣ ከዕፅ የተዘጋጁ መድኃኒቶችና ማሟያ እንክብሎች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር ቢቆሙ ይመከራል። ክብደት ለመቀነስ ወይም ለስኳር እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መርፌ የሚወጋ ሰውም አስቀድሞ ይናገር፤ መርፌው ሆድ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ስለሚያዘገየው የጾሙ ሰዓት በቂ ላይሆን ይችላል።

ወደ ምርመራው ሲሄዱ መድኃኒቶቹን ከነካርቶናቸው በከረጢት ይዘው ይሂዱ። ታካሚ «አንዷ ነጭ ናት፣ አንዷ ሮዝ፤ ማታ የምትዋጠዋ ግማሽ ናት» ሲል የሰመመን ሐኪሙ በግምት ላይ ይቀራል፤ ከካርቶኑ ላይ ግን ስሙንም መጠኑንም በአንድ ዓይን ያነባል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት የደም ምርመራዎች እንዲደረጉልዎ ይጠይቁ። አንደኛው የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የኤዋንሲ (HbA1c) ምርመራ ነው። ውጤቱ ከ8.5 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ቁስል የመመርዝ ዕድሉ ስለሚጨምር፣ አጣዳፊ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና ስኳሩ እስኪስተካከል መቆየቱ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ሁለተኛው በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሂሞግሎቢን መጠን ነው። በዴሲሊትር ከ13 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነሱ ከምን እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ በእርስዎ ዕድሜ የወር አበባ መብዛት አንዱ የተለመደ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ከጨጓራና ከአንጀት የሚፈስ ደምም ሊኖር ስለሚችል እሱ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የብረት ኪኒን ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ሲቀር የተገኘ ደም ማነስ ቀጠሮ ያስለውጣል፤ ዛሬ የተገኘ ግን ጊዜው ሳያልፍ ሊታከም ይችላል። ለዚህ ነው ምርመራውን አሁኑኑ የምለው።

ስለ ሲጋራው የነገሩዎት ነገር በአንድ ወቅት በሐኪሞችም ዘንድ ይታመን ነበር። ሰውየው ሲያቆም በሳንባው ቧንቧዎች ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች መልሰው መሥራት ስለሚጀምሩ አክታው ይበዛል፤ ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ማቆም ይጎዳል ይባል ነበር። ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ይህን ፍርሃት አልደገፉትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር እንደሚቀንስ ገልጿል። እርስዎ ያለዎት አምስት ሳምንት ነው፤ ዛሬ ካቆሙ ይደርሳሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካሉ ግን ለጥቂት ነው የሚደርሱት። ለምን እንደሆነ ልግለጽ። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ አንዴ ወንበሩን ከያዘ ባለቦታውን ቆሞ ያስቀረዋል። ኒኮቲን ደግሞ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ለመዳን ብዙ ኦክስጅን የሚፈልገው ቁስል የሚያገኘው ደም ያንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ቀን ውስጥ ከደም ስለሚወጣ የመጨረሻው ቀን ብቻ እንኳ ዋጋ አለው፤ የሳንባና የቁስል ጥቅም ግን በሳምንታት የሚገኝ ነው። ሱሱ ካስቸገረዎ የኒኮቲን ፕላስተር ወይም ማስቲካ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ከማጨስ ይሻላል። ወደ ሺሻ ወይም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መዛወር ማቆም አይባልም። አልኮልን በተመለከተ አልጻፉም፤ የሚጠጡ ከሆነ እሱንም ይተው። ነገር ግን በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በራሱ በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊከተል ስለሚችል በሐኪም ክትትል ማቆም አለበት።

ሰውነትን ማጠንከር ሲባል ብዙ ሰው ከባድ ስፖርት ይመስለዋል። ለእርስዎ የሚበቃው አብዛኛውን ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ እያወሩ ሊሄዱበት የሚችሉ ነገር ግን መዝፈን የማያስችል ፍጥነት ያለው የእግር ጉዞ ነው። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳይቆሙ መውጣት የሚችል ሰው ልቡና ሳንባው የቀዶ ሕክምናን ጫና የመሸከም አቅም እንዳላቸው ግምት እናገኛለን፤ ሲወጡ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት ከቆሙ ግን ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከጉዞው ይበልጥ የሚዘነጋው የትንፋሽ ልምምዱ ነው። ወገብዎን ቀና አድርገው ይቀመጡ፤ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያኑሩ፤ እጅዎ ወደ ፊት እስኪገፋ ድረስ በአፍንጫዎ በቀስታ ይሳቡ፤ ለሦስት ሰከንድ ያህል ያቆዩትና ከንፈርዎን አጥብበው ቀስ ብለው ያውጡ። ይህን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱት። ቀጥሎም ትራስ ሆድዎ ላይ ተጭነው ይዘው ማሳልን፣ ከአልጋም ሲነሡ በጀርባ ሳይሆን ወደ ጎን ዞረው በክንድዎ ተገፍተው መቀመጥን ይሞክሩ። አሁን ቀላል ይመስላል፤ ሆዱ ላይ ቁስል ያለበት፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲማረው ያቅተዋል። በጥልቀት ያልተነፈሰና ያላሳለ ሳንባ ከሥሩ እየታፈነ ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

የዋዜማው ጾም ታሪክ አለው። በ1946 እ.ኤ.አ. ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ ሐኪም፣ በወሊድ ወቅት ሰመመን የተሰጣቸው እናቶች የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባ ገብቶ ምን ያህል እንደሚጎዳቸው ጽፎ አሳተመ። ሰመመን ጉሮሮን የሚጠብቀውን ተፈጥሯዊ መከላከያ ስለሚያጠፋ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህም «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም» የሚለው ትእዛዝ በየሆስፒታሉ ተለመደ። ውኃ ግን ከጨጓራ በፍጥነት ያልፋል። ዛሬ ተቀባይነት ያለው መመሪያ ለጤናማ አዋቂ ቀለል ያለ ምግብ ሰመመኑ ሊሰጥ ስድስት ሰዓት ሲቀረው፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት ስምንት ሰዓት ሲቀረው እንዲቆም፣ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና ግን ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ እንዲፈቀድ ይላል። ወተት የገባበት ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራል። ብዙ ታካሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ምግብ አልቀመስኩም፣ ሻይ በወተት ብቻ ነው» ተብሎ ቀዶ ሕክምና ሲተላለፍ ይታያል። ከምሽት ጀምሮ ውኃ ሳይቀምሱ ማደር የደም ሥር ፍለጋውን ያከብዳል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የስኳሩን መጠን ያዛባል። ስለዚህ የስኳር ታካሚ መሆንዎን አንሥተው ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ ተራዎች አንዱ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚታከሙበት ሆስፒታል የጻፈልዎት መመሪያ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ እሱን ይከተሉ፤ ግልጽ ካልሆነ ደውለው ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አያሻሽሉት።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ተፈጽሞ ይህ ቢቀር ዝግጅቱ ጎደሎ ነው። ሙሉ ሰመመን እንቅልፍ ይባላል እንጂ እንቅልፍ አይደለም፤ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ልክ የሚቆይ፣ ሲቆም ሰውነት እያስወገደው የሚለቅ ሁኔታ ነው። «አንዴ ሰጥተውኝ ይሄዱና ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚለው ሥጋት የሚመነጨው ማንም አጠገብ እንደማይኖር ከማሰብ ነው። የሰመመን ባለሙያው ግን ከመጀመሪያው መርፌ እስኪነቁ ድረስ ከራስጌዎ አይለይም። በጣትዎ ላይ የሚሰካው መሣሪያ የኦክስጅን መጠንዎን፣ ደረትዎ ላይ የሚለጠፉት የልብ ምትዎን ያለማቋረጥ ያሳዩታል፤ የሚያስወጡት ትንፋሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፣ የደም ግፊትዎ ቢያንስ በየአምስት ደቂቃው ይነበባል። መሣሪያና ባለሙያ በተሟላበት ቦታ፣ በሌላው ጤናማ የሆነ ሰው በሰመመኑ ብቻ ሳቢያ የሚሞትበት አጋጣሚ ከ100,000 አንድ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ልብ፣ ሳንባ፣ ስኳርና ሲጋራ ሲጨመሩ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል፤ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ለማለት ያስገደደኝም ይኸው ነው።

መሀል ላይ ስለ መንቃት፣ በብሪታኒያና በአየርላንድ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ሙሉ ሰመመን ከወሰዱ 19,000 ያህል ሰዎች መካከል ነቅቼ ነበር ብሎ የሚያመለክተው አንድ ሰው እንደሆነ አሳይቷል። ታካሚዎች ከነቁ በኋላ አንድ በአንድ ተጠይቀው የተሠሩ ጥናቶች ከዚህ የበዛ ቁጥር ስላገኙ፣ ፈጽሞ የለም ማለት አልችልም። ሆኖም አብዛኞቹ አጋጣሚዎች ሰመመኑ ሲጀመር ወይም ሊያበቃ ሲል የሚከሰቱ አጭር ጊዜያት ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕመም የሌለባቸው ናቸው። ከፍ የሚለውም እንደ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በሙሉ ሰመመን እንደሚደረግ የወሊድ ቀዶ ሕክምና ባሉት ላይ ነው። የእርስዎ በቀጠሮ የሚደረግ ስለሆነ ከዚያ ወገን አይደለም። ታካሚዎች «መሀል ላይ ነቃሁ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ በማገገሚያ ክፍል የሰሙትን ድምፅ ነው።

የእህትዎ ነገር ሁለት መልክ አለው። ማስመለሱ ብቻ ከሆነ ከሰመመን በኋላ በጣም የተለመደ ነው። ሴት መሆን፣ ከዚህ በፊት ከሰመመን በኋላ አስመልሶ ወይም በመኪና ጉዞ ላይ አጥወልውሎ ማወቅ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ መውሰድና አለማጨስ ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። አዎ፣ አለማጨስ፤ ሲጋራ ያለው ብቸኛ መልካም ጎን ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳንባን ለመስጠት ግን አያበቃም። የሰመመን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ማስመለሱን የሚከላከሉ ሁለት ወይም ሦስት መድኃኒቶች ሰመመኑ ሳያበቃ ይሰጥዎታል። ይልቅ እህትዎን ደውለው ሌላ ነገር ይጠይቁልኝ፦ በዚያን ጊዜ ሰውነቷ እንደ እሳት ግሎ ነበር? ጡንቻዋ ደርቆ ነበር? ከታሰበው በላይ ለሰዓታት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ቆይታ ነበር? በዘር የሚተላለፉ፣ አንዳንድ የሰመመን መድኃኒቶችን አደገኛ የሚያደርጉ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። ካሉ መድኃኒቱ በሌላ ይተካል፤ ሳይታወቁ ከታለፉ ግን ለሕይወት ያሰጋሉ። ይህን አስቀድሞ የሚጠቁመን ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ፍርሃትን መደበቅ ፈሪ ላለመባል ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ያን ስም የሚሰጥ ሰው አያገኙም። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። የተደበቀ ፍርሃት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ጭንቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎችም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመሙ ይበረታባቸዋል። አንድ የሚሠራ ዘዴ ልንገርዎ። ሌሊት የሚመላለስብዎትን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ በጥያቄ መልክ ይጻፉት። «ፈራሁ» የሚለው መልስ የለውም፤ «ማን ነው ሰመመን የሚሰጠኝ?»፣ «ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ይኖራል?»፣ «ሕመሙ ሲጀምረኝ ለማን ነው የምናገረው?» የሚሉት ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመለሳሉ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ያንብቡለት። ሁሉም ሰው ብዙ ማወቅ አይፈልግም፤ ዝርዝሩ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ «እኔ ማድረግ ያለብኝን ብቻ ንገሩኝ» ማለት ይችላሉ። የቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ሌሊት ማየቱን ግን ይተው፤ የሚያዩት የእርስዎን አይደለምና።

ለእንቅልፍ ብለው ከጎረቤት ወይም ከቤተሰብ የተገኘ ኪኒን አይውሰዱ፤ ከወሰዱም ለሰመመን ሐኪሙ ይናገሩ። ዕለት ዕለት በተወሰነ ሰዓት መተኛት፣ ማታ ማታ ያንኑ የትንፋሽ ልምምድ ማድረግና ሙዚቃ ማዳመጥ ጭንቀትን ይቀንሳሉ፤ ሙዚቃ በቀዶ ሕክምናው ዕለትም እስከ በር ድረስ ሊፈቀድልዎ ይችላል። በዕለቱ ጠዋት የሚያረጋጋ መድኃኒት መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን መንቃትን ስለሚያዘገይ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ ግራ መጋባትን ስለሚያመጣ ለሁሉም አይታዘዝም። ጭንቀቱ ከሥራ ካስቀረዎት፣ ምግብ ካስተወዎት ወይም ቀድሞ የደረሰብዎትን ክፉ ነገር ከቀሰቀሰ ደግሞ ጉዳዩ ከዝግጅት ያለፈ ስለሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይፈልጋል፤ አምስት ሳምንት ለዚያም ጊዜ ይሰጣል።

ከሚያስፈራው አብዛኛው ያልታወቀው ስለሆነ ዕለቱን በቅደም ተከተል ላሳይዎ። በዋዜማው ወይም በጠዋቱ ገላዎን በሳሙና ይታጠባሉ፤ የሆድዎን ፀጉር ግን በምላጭ አይላጩ፣ በዓይን የማይታዩ ጭረቶች ለተሕዋስያን መግቢያ ይሆናሉ። ጌጥ፣ የጥፍር ቀለም፣ የሚወልቅ ጥርስ ይወገዳሉ፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለዎት ይጠቁሙ። ከዚያ የሚያገኟቸው ሰዎች ሁሉ ስምዎን፣ ምን እንደሚደረግልዎትና አለርጂ እንዳለብዎት ደጋግመው ይጠይቁዎታል። ይህ «እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆንኩም አያውቁም» ብሎ ብዙ ታካሚ ያስደነግጣል። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው የጥንቃቄ ሥርዓት አካል ነው፤ ሰመመን ከመሰጠቱ፣ ቆዳ ከመቀደዱና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ቆም ብለው ያረጋግጣሉ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ጭንብል ፊትዎ ላይ ሲቀርብ የሚሸተው ፕላስቲኩ ነው፤ የሚገባው ኦክስጅን ነው። መድኃኒቱ በክንድዎ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ሊያቃጥልዎ ይችላል። ቀጥሎ የሚያስታውሱት የማገገሚያ ክፍሉን ነው።

ሲነቁ ጉሮሮዎ ሊከረክርዎት፣ ሊንቀጠቀጡም ይችላሉ። በላፓሮስኮፒ የታከመ ሰው ደግሞ ሆዱ ታክሞ ትከሻው ሲያመው ግራ ይጋባል፤ ሆድን ለመንፋት የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ (ድያፍራሙን) ስለሚያስቆጣው የሚሰማ ሕመም ነው፣ በመራመድም በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ከሁሉ በላይ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው፣ ቀዶ ሐኪሙ በካሜራ ሲያይ እብጠት ወይም መጣበቅ አግኝቶ በትልቁ መክፈት ሊያስፈልገው እንደሚችል ነው። ሲነቁ ቁስሉ ረዝሞ ቢያገኙት የተበላሸ ነገር አለ ማለት ሳይሆን ለደኅንነትዎ የተመረጠ መንገድ ነው። ይህን ስምምነቱን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ቀዶ ሕክምናው ባይደረግ ምን እንደሚሆን፣ ሌላ አማራጭ እንዳለም አብረው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት መኪና አይንዱ፣ ሰነድ አይፈርሙ፣ ብቻዎን አይደሩ። ማስታገሻውን ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠብቁ በሰዓቱ ይውሰዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ሆድ ቢብስዎ አይደናገጡ፤ ካልተሻለዎት ግን ይናገሩ። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።

ሳልመረምርዎት የምሰጠው ምክር ወሰን ስላለው የመድኃኒቱን የመጨረሻ ትእዛዝ ከራስዎ ሐኪም ይቀበሉ። የእኔ ምክር ግን ቁርጥ ያለ ነው። ቀጠሮውን አይሰርዙ፤ ሲጋራውን ዛሬ ያቁሙ፤ ከኪኒኖቹ አንዱንም በራስዎ ፈቃድ አይንኩ፤ ቀዶ ሕክምናው የቅርብ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ከሰመመን ሐኪም ጋር እንዲገናኙ ይጠይቁና የመድኃኒት ከረጢትዎን፣ የእህትዎን መልስና የጥያቄ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ። በመጨረሻው ሳምንት ትኩሳት ያለው ጉንፋን ከያዘዎት፣ ስኳርዎ ከተዛባ ወይም ማጨሱን ማቆም ካልቻሉ ደውለው ያሳውቁ እንጂ ደብቀው አይግቡ። በዚህ ሳቢያ ቀኑ ቢገፋ የሚያበሳጭ ነው፤ የሐሞት ጠጠር ሕመምዎ ጸጥ ብሎ እስካለ ድረስ ግን የጥቂት ሳምንት መዘግየት፣ በታመመ ሳንባ ሰመመን ከመውሰድ ያነሰ አደጋ አለው።